ለጅማ ጭቃ የቱ ትራክሽን ቦርድ ይሻላል? ለጠየቅከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለህ። በቡና ሰሞን ከአጋሮና ከጌራ ገጠር ገጠሩን እየዞርክ ትሰበስባለህ። ጭቃ ሲይዝህ ትራክተር መለመን ሰልችቶሃል። ትራክሽን ቦርድ፣ ማለትም ከተያዘ ጎማ ሥር የሚነጠፈውን ባለጥርስ ሰሌዳ፣ ልትይዝ ፈልገህ ሦስት ምርጫ አስቀምጠሃል፦ ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልህ ማክስትራክስ የሚባለው፣ አዲስ አበባ የሚሸጠው ርካሽ ፕላስቲክ፣ ወይም እዚሁ ጅማ በያጅ ጋ በላሜራ ማሠራት። "የቱን ልያዝ? ሁለት ይበቃል ወይስ አራት? ቀለሙስ ለውጥ አለው?" ብለሃል። ከሥር የመለሱልህ ልጆች ግማሹ "ማክስትራክስ ግዛና ተገላገል" አሉ። ግማሹ ደግሞ "ድንጋይና ቅጠል እያለ ምን በወጣህ" አሉ። ለጥያቄህ ግን መልስ አላገኘህም። እኔ ዕድሜዬን በመስክ መኪና ነው የጨረስኩት፣ በሃርድቶፕም በፒካፕም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ቦርዱን ከመምረጥህ በፊት ጭቃህን ለይ። ጅማ ዙሪያ ሁለት ዓይነት አለ። አንተ የምትሄድበት፣ አጋሮም በለው ጌራ፣ ሊሙም በለው ማና፣ ቡናው ያለበት ቀይ አፈር ነው። ሲረጥብ ላዩ ሙልጭልጭ ይላል፣ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። መኪናውን ያንሸራትተዋል። ከመንገዱ መሃል ቀስ ብሎ ይዞህ ይወርድና ቦይ ውስጥ አጋድሞ ያስቀምጥሃል። ሌላው ዋልካ ነው። ወደ አሰንዳቦና ወደ ግልገል ጊቤ ሜዳ ስትወርድ የምታገኘው ጥቁሩ። እሱ ይውጣል። ጎማው ይገባል፣ ይገባል፣ ዲፈረንሻሉ (ከሥር በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለው የማርሽ ቤት) መሬት ሲነካ ያኔ ትቆማለህ።

ይሄ ዕቃ መጀመሪያ የታሰበው ለሁለቱም አይደለም፣ ለአሸዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን የሊቢያን በረሃ በመኪና ሲያስስ፣ ካይሮ ያገኛቸውን የብረት ቦዮች ከጎማ ሥር እያነጠፈ ይወጣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚነጠፍ ባለቀዳዳ ብረት ሠሩ። አንዱ 3 ሜትር ርዝመት፣ 30 ኪሎ። ከጦርነቱ በኋላ ሰው እየቆረጠ ለመኪና ተጠቀመበት። ፕላስቲኩን በዓለም ያስለመደው ማክስትራክስ ደግሞ የአውስትራሊያ ምርት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ።

ይሄን ያነሳሁት ለታሪክ አይደለም። አሸዋ ላይ የቦርዱ ጥርስ ንጹህ ሆኖ ይቆያል። የኛ ቀይ አፈር ግን ጥርሱ መሃል ይጠቀጠቃል። ከሞላ በኋላ ቦርዱ ልሙጥ ጣውላ ሆነ ማለት ነው። ጎማህም እንደዚያው። ስለዚህ ጥርሱ ብዙ ስለሆነ አትደነቅ። ጥርሶቹ መሃል ሁለት ጣትህ ይገባል ወይ? ብረት ወይም እንጨት ብትሰድበት ጭቃው በአንድ ጭረት ይወርዳል ወይ? እሱን እይ። ጥቅጥቅ ያለ ትንንሽ ጥርስ ያለው ቦርድ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ጌራ ላይ አይሠራም። የቦርዱን ሆድም ገልብጠህ እይ። ከሥር መሬት የሚቧጥጥ ነገር ከሌለው፣ ጎማህ ቦርዱን ይዞ ቦርዱ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ እንምጣ። ዋጋውን የሚለየው እሱ ነው። ማክስትራክስና መሰሎቹ የሚሠሩት ከጠነከረ ናይለን ነው። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ናይለኑ ወደ 220 ይጠጋል። ልዩነቱን የምታየው ጎማ ቆሞ ሲሽከረከር ነው። አንድ ጊዜ ከአሰንዳቦ ወረድ ብሎ አብሮን የነበረ ልጅ አዲሱን ርካሽ ቦርድ አነጠፈ። አፉን ጎማው ሥር አጥብቆ አላስገባውም ነበር። ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ጥርሱ ላይ ሳይወጣ እዚያው ዞረ። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፣ ከዚያ ጭስ። ስናወጣው ጎማው የነካው ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ልጥጥ ብሏል። የቀለጠው ደግሞ የጎማው ጥርስ መሃል ገብቶ ደርቋል። በካቻቢቴ እየፈነቀልን ነው ያወጣነው። ናይለኑም ቢሆን እንደዚያ ካሽከረከርክበት መቅለጡ አይቀርም። ትንሽ ጊዜ ይሰጥሃል እንጂ አይምርህም።

ባለሱቆች ሁሉም "ናይለን ነው" ይሉሃል። ቦርዱን ገልብጠህ በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ፈልግ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ክርክር የለውም። ምልክት ከሌለው ሁለት ብሎኬት ላይ አጋድመውና መሃሉ ላይ ቁም። ይጎብጣል፣ መጉበጡ ጥሩ ነው። ስትወርድ ወደ ቦታው መመለሱን እይ። የጎበጠበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ካወጣ ተወው። እሱ ነጭ መስመር በኋላ የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው። ባለሱቁ ይቆጣል። ይቆጣ፣ ብሩ ያንተ ነው።

ርዝመቱም ይመዘን። ማክስትራክስ ወደ 1.15 ሜትር ነው፣ አንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ። ገበያ ላይ ከሜትር በታች የሆኑ አጫጭሮች አሉ፣ ለማስቀመጥ ይመቻሉ። ጎማህ ግን ወጥቶ ፍጥነት ሳይዝ ያልቅበታል፣ ከዚያ ተመልሶ ጭቃ ውስጥ ነው። ቀይ አፈር ላይ ያቺ ተጨማሪ ርዝመት ብዙ ታወራለች። ከናይለኑ ውስጥ ጥርሱ ብረት ሆኖ የሚቀየርም አለ። ለአንተ ሥራ አያስፈልግም። ብሩን ለሌላ ነገር ያዘው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ዋጋ እንነጋገር ካልን፣ ማክስትራክስ አሜሪካ ውስጥ ጥንዱ 300 ዶላር አካባቢ ነው። ርካሾቹ እዚያው ከ100 በታች ይገኛሉ። ዘመድህ የሚያመጣው ከሆነ ሻንጣ ውስጥ እንደማይገባ ቀድመህ ንገረው። ለብቻው ተጠቅልሎ ነው የሚጫነው፣ ከሚፈቀድለት ሻንጣ አንዱን ይበላበታል። ይሄን ሳያውቅ ኤርፖርት ቢደርስ ቦርዱ እዚያው ይቀራል፣ ዘመድነቱም ትንሽ ይቀዘቅዛል።

በያጅ ጋ ስለማሠራት ደግሞ፣ ላሜራ አታሠራ። ላዩ አበባ ያለው ላሜራ እንኳን በእርጥብ ቀይ አፈር ሲለበስ ጎማ አይዝም። ማሠራትህ ካልቀረ መሰላል አሠራ። 40 በ40 አንግል፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ፣ ሁለት ቁራጭ ባለ 1.20 ሜትር። መሃሉን በ14 ፌሮ ስምንት ቦታ አስበይደው። ስፋቱ 33 ሴንቲ ይሁን። አሰላሁት፣ አንዱ ወደ 9 ኪሎ ይመጣል። ጥቅሙ ጭቃው በፌሮው መሃል ያልፋል፣ አይጠቀጠቅም። ለቀይ አፈር እውነቴን ነው፣ ከርካሹ ፕላስቲክ እሱን እመርጣለሁ። ቢጎብጥም እዚያው ጋራዥ ያቀኑልሃል። ጣጣው ሌላ ነው። የፌሮው ጫፍ ከአንግሉ ትንሽ ከወጣ የጎማህን ጎን ይቀደዋል። ስለዚህ ጫፍ ጫፉን በግራይንደር አስመትተህ፣ በእጅህ ዳብሰህ ነው መረከብ ያለብህ። ከጎማ ሥር ሲወረወር ደግሞ 9 ኪሎ ብረት ነው። እግር ይሰብራል። ለአይሱዙ ከሆነ ብረቱንም ማወፈር አለብህ።

እንግዲህ ብሩን ያዘው ያልኩህ ለአካፋ ነው። ታጣፊዋን የወታደር አካፋ ማለቴ አይደለም፣ እሷ ለፎቶ ናት። ሄርማታ መርካቶ ሄደህ ረጅም እጀታ ያለው፣ አፉ ሾል ያለ አካፋ ግዛ። ቦርድ ብቻውን መኪና አያወጣም። አፉ ጎማው ሥር መግባት አለበት፣ እንዲገባ ደግሞ ጎማው ፊት ያለው የጭቃ ግድግዳ መቆረጥ አለበት። ዲፈረንሻሉ ተቀምጦ ከሆነ ከሥሩም መቆፈር አለበት። አስር ደቂቃ ቁፋሮ የሰለቸው ሰው ሁለት ሰዓት ትራክተር ይጠብቃል። ከአካፋው ቀጥሎ በባትሪ የምትሠራ የጎማ መንፊያ ያዝ። የጎማህን አየር ከ35 ወደ 25 ፒኤስአይ ብታወርደው ብዙ ጊዜ ቦርዱንም ላትፈልገው ትችላለህ። ጭነት ካለህ ግን ከዚያ አታውርድ፣ አስፋልት ሳትደርስም መልሰህ ንፋ።

ጭነት ካልኩ አይቀር፣ ሃይሉክስህ ባዶውን 2 ቶን ገደማ ነው። ቡና ሲጫንበት ወደ 3 ይጠጋል። 10 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ብታወርድ 600 ኪሎ ቀነሰ። ሰው አለ፣ ጉልበት አለ፣ አውርድ። ጭቃ ላይ ግን አታስቀምጠው፣ ቡና እርጥበትም ሽታም ይስባል። ሸራ አንጥፍለት።

ከዚያ መኪናው ወዴት ነው የሚቀለው ብለህ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ወደመጣህበት ነው። መንገዱን ጎማህ አንዴ ጠቅጥቆታል። አንድ የጌራ ሽማግሌ፣ ኦቦ ብለን የምናማክራቸው፣ መኪና ነድተው አያውቁም። ግን ሁልጊዜ "ወደ ኋላ ውጣ" ነው የሚሉት፣ ሁልጊዜም ልክ ናቸው። ቦርዱን የሚሽከረከረው ጎማ ሥር አስገባ፣ ቆሞ የቀረው ሥር አይደለም። ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ ጉልበቱ በሙሉ የሚሄደው ወደሚያንሸራትተው ነው። ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚዞርበት)፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ። ጎማው ቦርዱ ላይ ሲወጣ ይሰማሃል፣ ያኔ እንኳን ነዳጅ አትጨምር። ከወጣህ በኋላም ቦርዱን አስቤ ብለህ አትቁም። ደረቅ መሬት እስክትይዝ ሂድ፣ በእግርህ ተመልሰህ ታመጣዋለህ።

ዋልካ ከሆነ ቦርዱ ራሱ ይሰምጣል። የባሕር ዛፍ አጣና ፈልግና ሦስት አራቱን አግድም ደርድር፣ ቦርዱን ከላዩ አንጥፍ። ገጠር ውስጥ አጣና የሌለበት ቤት የለም። ግን ጠይቀህ ውሰድ፣ ስትጨርስም መልስ። ቦርዱን ብቻውን እንደ ድልድይ ቦይ ላይ አትዘርጋው። አብዛኞቹ ከሥራቸው መሬት ካልደገፋቸው የሰው እንጂ የመኪና ክብደት አይችሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ደገም አድርጌ ልበልህ። የኛ ሰው መኪና ተያዘ ሲባል ሳይጠራ ይመጣል፣ እግዜር ይስጠው። መጥቶ ግን ከኋላ ነው የሚገፋው። ቦርድ ስታነጥፍ ከኋላ መግፋት የለም። ጎማው ቦርዱን ካልያዘው እንደ ጥይት ነው ወደ ኋላ የሚወረውረው። ሁሉንም በጎን በኩል፣ ራቅ አድርገህ አቁም። ልጆቹን በተለይ። እነሱ ደግሞ የሚያዩት ጎማውን ስለሆነ ተጠግተው ይቆማሉ። አንድ ትልቅ ሰው "አንተ ልጆቹን ጠብቅልኝ" ብለህ ሹም። ሳይሾም የሚሰማህ የለም።

ውሳኔዬን ከፈለግክ፣ አቅም ካለህ ናይለኑን አስመጣ። ከሌለህ መሰላሉን አሠራ። ርካሹን ፕላስቲክ የምትገዛው ለአንድ ክረምት መሆኑን አምነህ ከሆነ ብቻ ነው። ጸሐይ ላይ ከተውከውም ቶሎ ይደርቅና ይሰባበራል። አካፋው ግን ከሁሉም በፊት፣ ነገ።

ሁለት ወይስ አራት? ከሌላ መኪና ጋር ተከታትለህ የምትሄድ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ብቻህን ዋልካ የምትገባ ከሆነ አራት። እያፈራረቅክ ወደፊት ታነጥፋለህ። የትም ይሁን የት ግን ከጆንያው ሥር አትቅበረው። ስትያዝ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው፣ ለማውጣት ጆንያውን ሁሉ ማንሳት አለብህ። ፖርቶ መጋላ ላይ እሰረውና ቁልፍ አድርግበት።

ቀለም ለውጥ አለው ወይ ላልከው፣ አለው። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ያዝ። ጥቁሩ ከመኪናህ ጋር ይሄዳል፣ ግን መኪናው ረግጦት ሲያልፍ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል፣ በአካፋ እየወጋህ ትፈልገዋለህ። ብረቱን መሰላልም ቀለም ቀባው። መያዣው ላይ ሁለት ሜትር ያህል ደማቅ ሲባጎ እሰርበት፣ ጫፉ ከጭቃው ላይ ይታይሃል፣ ስበህ ታወጣዋለህ። ሲባጎውን መኪናው ላይ ግን አትሰረው። ጎማው ይጠመጥመዋል።