የአባቴን ላንድሮቨር የሠራው ኩባንያ በ10 ፓውንድ ተሸጠ የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። አባቴ ከጣርማበር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ለብዙ ዓመታት ላንድሮቨር ሲነዱ ኖረዋል። መኪናዋ ዛሬም ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። በቅርቡ ሊያያት የመጣ አንድ መካኒክ የሠራት የእንግሊዝ ኩባንያ በሠራተኞች አድማ እንደጠፋና በመጨረሻም በ10 ፓውንድ እንደተሸጠ ነገረን። አባቴ ግን «አዲሱን ላንድሮቨር በዓይኔ እያየሁ እንዴት ጠፋ ትለኛለህ?» ብለው እስከ ማታ ተከራከሩት። እባካችሁ ፍረዱን። (አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አባትዎም መካኒኩም እውነት አላቸው፤ ያልተግባቡት ሁለቱም «ሮቨር» እያሉ ስለ ተለያየ ነገር በመናገራቸው ነው። ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮቨር በኮቨንትሪ ከተማ ብስክሌት በመሥራት የተነሣ ስም ነው፤ የመጀመሪያ መኪናውን ያወጣው በ1904 ነበር። ላንድሮቨር የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ብረት በእንግሊዝ አገር በራሽን ይታደል በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየውም በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ብረቱ እንደ ልብ ስለማይገኝ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅልቅል ሠሩት። የአባትዎን መኪና ልብ ብለው ቢመለከቷት ዝገቱ የበላው ከሥር ሻንሲውን እንጂ የጎኑን ቆርቆሮ እንዳልሆነ ያያሉ። ከፊት በኩል ደግሞ የማኖቬላ ማስገቢያ ቀዳዳ አላት፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ባትሪው አልነሣ ሲል አባትዎ በዚያች ቀዳዳ ማኖቬላቸውን አስገብተው ስንት ማለዳ እንዳዞሩ እርሳቸው ያውቁታል። ይህችን መኪና የሠሯት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ፤ የውድቀቱ ታሪክ የሚያሳዝነንም ስለዚህ ነው።

ሮቨር በ1967 የጭነት መኪናና አውቶቡስ በሚሠራው በሌይላንድ ተገዛ። በሚቀጥለው ዓመት ሌይላንድ ኦስቲንን፣ ሞሪስን፣ ኤምጂንና ጃጓርን ከያዘው ሌላ ትልቅ ኩባንያ ጋር ተዋሐደና ብሪቲሽ ሌይላንድ የሚባል ግዙፍ ድርጅት ተፈጠረ። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ከሚሸጡት 10 መኪኖች ውስጥ 4 ያህሉ የእርሱ ነበሩ። ነገር ግን ውሕደቱ በወረቀት ላይ እንጂ በፋብሪካው ወለል ላይ አልነበረም። ትናንት ተፎካካሪ የነበሩት ቤቶች ዛሬም በአንድ ጣሪያ ሥር መፎካከራቸውን ቀጠሉ፤ ሁለት ሦስቱ ለአንድ ዓይነት ገዢ የየራሳቸውን መኪና ያቀርቡ ነበር።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር የሚሆነን የአንድ ሞተር ታሪክ ነው። ሮቨር ከአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ መብቱን ገዝቶ ያሻሻለው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር የአሉሚኒየም ሞተር ነበረው፤ በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር የተነሣውም በዚሁ ሞተር ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ድርጅት ሥር ያለው ትራያምፍ «ስታግ» የተባለች ያማረች መኪና ሲያወጣ ይህን የተፈተነ ሞተር ትቶ የራሱን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሠርቶ ገጠመላት። የትራያምፍ ሞተር ውሃ እያፈላ፣ ቴስታታውም እየተጣመመ የመኪናዋን ስም ከጅምሩ አበላሸው። ጤነኛ ሞተር በእጁ እያለው ለሌላ ሞተር ሁለተኛ ወጪ የሚያወጣ ድርጅት አድማ ባይኖርም ገንዘቡ እንደሚያልቅበት ግልጽ ነው።

ሌላው ችግር ሒሳብ ነበር። በ1959 የወጣችው ሚኒ ዓለም የወደዳት መኪና ናት፤ ሆኖም ተፎካካሪው ፎርድ አንዷን ገዝቶ ብሎኗን ሳይቀር ፈታትቶ ወጪዋን ሲያሰላ በምትሸጥበት ዋጋ ኪሳራ እንጂ ትርፍ እንደማታስገኝ ደረሰበት። ገበያ የሞላው ዕቃ ትርፍ ካላመጣ የነገውን ሞዴል የሚያሠራ ካፒታል ከየት ይመጣል? በ1973 የወጣችው ኦስቲን አሌግሮ ደግሞ ክብም አራት ማዕዘንም ያልሆነ መሪ ተገጥሞላት የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆነች።

ወደ አድማው እንምጣ። መካኒኩ ያለ ምክንያት አልተናገረም። በ1970ዎቹ በበርሚንግሃም ደቡብ በሚገኘው በሎንግብሪጅ ፋብሪካ ሥራ የሚቆምበት ቀን እጅግ በዝቶ ነበር፤ አንድ ክፍል ሥራ ሲያቆም ዕቃ የሚጠብቀው ሌላው ክፍል ያለ ውዴታው ይቆማል፤ ደንበኛውም በቀጠሮው መኪናውን ሳያገኝ ሲቀር ወደ ጀርመንና ወደ ጃፓን መኪና ይሄዳል። ይህ ጉዳት እውነተኛ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መደፍደፍ ግን የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ነው። በ1979 የሎንግብሪጁ የሠራተኞች መሪ ዴሪክ ሮቢንሰን ሲባረር፣ ለእርሱ ሲሉ ሥራ እንዲያቆሙ የተጠየቁት ሠራተኞች በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ እምቢ ብለዋል። ኩባንያው ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ያህል ኖሯል፤ ሲሞት የገደለው አድማ አልነበረም።

በ1975 መንግሥት ድርጅቱን ከኪሳራ ለማዳን በእጁ አስገባው። ከዚያ ከጃፓኑ ሆንዳ ጋር በመሥራት ጥቂት አንሠራራ፤ የተሻሉ ሮቨሮች የተሠሩትም በዚህ ዘመን ነው። በ1988 መንግሥት ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ ሸጠው። በ1994 ደግሞ ቢኤምደብሊው በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ የሆንዳ ሽርክናም አከተመ።

ጀርመኖቹ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ኪሳራው አልቆም ሲላቸው በ2000 ድርጅቱን ከፋፈሉት፤ የአባትዎና የመካኒኩ ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ላንድሮቨርን ለፎርድ ሸጡ፤ ሚኒን ለራሳቸው አስቀሩ፤ የቀረውን፣ ማለትም የሎንግብሪጅን ፋብሪካና ሮቨርና ኤምጂ የተባሉትን የቤት መኪኖች፣ አራት እንግሊዛውያን ነጋዴዎች ለመሩት ቡድን በ10 ፓውንድ ሰጡ። ዋጋው ለይስሙላ ነበር፤ እንዲያውም ቢኤምደብሊው ለመቋቋሚያ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጨምሮላቸዋል። አዲሱ ኤምጂ ሮቨር ግን ያረጁ ሞዴሎችን እየቀባባ ከመሸጥ አልፎ አዲስ መኪና ለመንደፍ አቅም አላገኘም። በ2003 ያወጣው ሲቲሮቨር እንኳ የሕንዱ ታታ የሠራው መኪና ነበር።

የመጨረሻው ተስፋ ከቻይናው የሻንጋይ ኩባንያ ጋር የተጀመረው ድርድር ነበር። ድርድሩ ሲከሽፍ በሚያዝያ 2005 ፋብሪካው ቆመ፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሠራተኞችም ሥራ አጡ። በ2009 የወጣው የመንግሥት የምርመራ ሪፖርት አራቱ ባለቤቶችና ዋና ሥራ አስኪያጁ በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ በደመወዝና በጡረታ 42 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ማግኘታቸውን አረጋገጠ። ደብረ ብርሃንም የፋብሪካ ከተማ ናትና የአንድ ፋብሪካ በር ሲዘጋ በአካባቢው ያለው ሻይ ቤት፣ ሱቅና የቤት ኪራይ ሁሉ እንዴት እንደሚናጋ ለእርስዎ ማስረዳት አያሻንም። በእኛ እምነት ይህ ክፍያ ከማንኛውም አድማ ይልቅ የሚያስቆጭ ነው።

እንግዲህ መካኒኩ ሞተ ያለው የሎንግብሪጁ ሮቨር ነው፤ ዕቃውን በ2005 ናንጂንግ የተባለው የቻይና የመኪና ኩባንያ ገዛው፤ ኤምጂ የሚለው ስምም ዛሬ በቻይናውያን እጅ ነው። አባትዎ በዓይኔ አየሁ ያሉት ላንድሮቨር ደግሞ ከፎርድ እጅ በ2008 ከጃጓር ጋር ወደ ሕንዱ ታታ ተላልፎ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሆኖም አባትዎ አንድ ነገር ቢያውቁ እንወዳለን፦ ከእርሳቸው መኪና ዘር በቀጥታ የወረደው ዲፌንደር በእንግሊዝ አገር ሶሊሀል ከሚገኘው ፋብሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በጥር 2016 ነው። አሁን በዚያ ስም የሚሸጠው ከሥር እስከ ላይ እንደ አዲስ የተነደፈ ሲሆን የሚገጣጠመውም በስሎቫኪያ ነው። ለአሮጌዎቹ ግን መለዋወጫ የሚሠሩ ድርጅቶች ዛሬም በእንግሊዝ አገር ስላሉ፣ መካኒኩ ሻንሲውን መርምሮ የሚጠገን መሆኑን ካረጋገጠ የአባትዎን መኪና ማስነሣት የሚቻል ነገር ነው።