ስለ አገራችን ስም ለምትጽፉ ልጆቼ

ወመዘክር ገብታችሁ አሮጌ ሰነድ ስትገልጡ፣ ይዘቱን ከማንበባችሁ በፊት ሦስት ነገር ማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩ፦ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ፣ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ ጸሐፊው የአገር ሰው ወይስ የውጭ መሆኑን።

አቆጣጠሩን አደራ። «የ1987 ሕገ መንግሥት» የሚል ሐረግ ሁለት የተለያዩ ሕጎችን፣ ሁለት የተለያዩ የመንግሥት ስሞችንም ሊያመለክት ይችላል። በፈረንጆች ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። በእኛ ከሆነ ኅዳር 29 የጸደቀው፣ በአንቀጽ 1 የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ያለው ነው። ከእኛ ወደ ፈረንጆች ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው 8 ደምሩ። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው የኅዳሩን ማጽደቅ ወደ 1995 ይወስደዋል፤ የጸደቀው በ1994 ነው። 1995 የሚባለው ነሐሴ 15 ሥራ ላይ ስለዋለ ነው። ሁለቱን ቀን ለይታችሁ ጻፉ።

እዚህ ላይ የተለወጠው የመንግሥቱ ቅርጽ መጠሪያ እንጂ «ኢትዮጵያ» የሚለው አይደለም። «አገራችን መጀመሪያ አቢሲኒያ ነበረች፣ ኋላ ኢትዮጵያ ተባለች» የሚለውን እባካችሁ አትድገሙት፤ ይህ ስሕተት በጣም ያሳዝነኛል። አቢሲኒያ «ሐበሻ» በዓረብኛ በኩል አውሮፓ ደርሶ የተለወጠበት መልክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ 1887 የተቀረጸበት የዳግማዊ ምኒልክ ብር «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። አቢሲኒያ ባንክ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም. ነው፤ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ሁለቱ ስሞች በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ነበሩ፤ የለያያቸው ተናጋሪው ነው።

ወደ ጥንቱ ስትወርዱ ጥንቃቄው ይበዛል። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል በዋናነት ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለው አገር ይጠቀሙበት ነበር። የዕብራይስጡን መጽሐፍ ቅዱስ «ኩሽ» የግሪኩ ትርጉም «ኢትዮጵያ» አለው፤ የግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ስለተመለሰ ስሙን እንዳለ ወረሰው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውም በዕብራይስጡ ኩሽ ነው። የንጉሥ ዒዛና የአክሱም ድንጋይ ደግሞ ሌላ ይነግረናል፦ የግእዙ ጽሑፍ «ሐበሠት»፣ ማለትም ሐበሻ፣ ባለበት ቦታ የግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ብሏል፤ ካሱን፣ ማለትም ኩሽን፣ ግን ለብቻው ቆጥሮታል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግዲህ በዚህ ድንጋይ ላይ ኢትዮጵያና ኩሽ አንድ አልነበሩም። ኩሽ ያለ ሰነድ ባገኛችሁ ቁጥር ዓመቱን ሳታዩ ኢትዮጵያ ብላችሁ አትተርጉሙ።

ስትጠቅሱ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ስም ሰነዱ እንደጻፈው ተዉት፤ ማብራሪያውን ከጥቅሱ ውጪ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።