ከአቴ የተማርኩት፦ ቤተሰብ ይዛችሁ ለመውጣት ለምታስቡ ወጣት ነርሶች

ሜሪላንድ ውስጥ እሠራበት በነበረው ሆስፒታል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሌሊት ተረኞች ስንወጣ፣ በሠራተኞች መኪና ማቆሚያ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ሞተሯ ሳይጠፋ ትጠብቅ ነበር። መሪውን የያዘው ፊሊፒናዊ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ በፒጃማው ላይ ካፖርት የደረበ የሰባት ዓመት ልጅ ተኝቷል። እናትየው ከእኔ ጋር ስትሠራ ያደረች ነርስ ናት። ልጁ ከነቦርሳው ከአባቱ መኪና ወደ እናቱ መኪና ይሻገራል፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፉን እንኳ አይለቅም። ባልና ሚስቱ ቆመው የሚነጋገሩት ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ምን እንደሚባባሉ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «ሌሊት ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ሽሮፑን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰጥቼዋለሁ፣ ራቱን አልጨረሰም ይለኛል» አለችኝ። ነርሶች ተራ ስንቀባበል የምንሰጠው ሪፖርት ማለት ነው። ባልየው ከዚያ ሁለት ሰዓት ላይ ወደሚጀምረው የመጋዘን ሥራው ይከንፋል።

ይህችን ሴት ሁላችንም «አቴ» እንላታለን። በእነርሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። መጀመሪያ የጠሯት ወጣቶቹ ፊሊፒናውያን ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ሐኪሞቹም ለመዱት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአገር ቤት የሚጽፉልኝ ነርሶች ብዙ ናቸው። ጥያቄያችሁ ይመሳሰላል። ፈተናው ይከብዳል ወይ? ደመወዙ ስንት ነው? ፊሊፒኖቹ ባልና ልጅ ይዘው የሚወጡት እንዴት ቢያደርጉ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ይመልስላችኋል። ሦስተኛውን ግን አሥር ዓመት አጠገቧ ቆሜ ስላየሁት እኔ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ጉብዝና ብቻ አይምሰላችሁ። ፊሊፒንስ ከ1898 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአሜሪካ ሥር ስለነበረች፣ ነርስነትን የተማሩት በአሜሪካ ሥርዓትና በእንግሊዝኛ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ያለችው የአቴ ከተማ ኢሎኢሎ የነርሶች ትምህርት ቤት ያገኘችው በ1906 ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ገና የሃያ ዓመት ከተማ ነበረች። ከ1948 በኋላ በልውውጥ ፕሮግራም፣ ከ1965 በኋላ ደግሞ በአዲሱ የስደተኞች ሕግ ወደ አሜሪካ ጎረፉ። መንግሥታቸውም ሠራተኛ መላክን ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ ዛሬ ለስደተኛ ሠራተኞች ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት አላቸው፣ ነርሷም ከመሳፈሯ በፊት ገለጻ ተሰጥቷት ትወጣለች። «አዲሶቹ ጀግኖች» ይሏቸዋል። አቴ ይህን ቃል ስትሰማ ትስቅ ነበር። ጀግና ብሎ መጥራት ምንም ወጪ የለውም።

እንግዲህ መንገዱ ለነርሷ ከተጠረገ ቆይቷል። ለቤተሰቧ ግን አልተጠረገም።

የአቴን ነገር ተመልከቱ። በ2007 መጀመሪያ ላይ አንድ አሜሪካዊ ቀጣሪ ማመልከቻ አስገባላት። ሕጉ ሲነበብ ደስ ያሰኛል፤ ቀጣሪ ያመለከተላት ነርስ ግሪን ካርድ ስታገኝ ባሏና ያላገቡ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿም አብረው ያገኛሉ። ችግሩ ወረፋው ነው። ቪዛው በየአገሩ ስለሚመደብ፣ በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ሰሌዳ ላይ ፊሊፒንስ ከአመልካቿ ብዛት የተነሳ ለብቻዋ ዓምድ አላት። ለነርሶች ተብሎ ተጨምሮ የነበረው 50,000 ቪዛ በ2006 መጨረሻ ሲያልቅ ወረፋው ቆመ። አንድ ዓመት ጠበቀች፤ አልተነቃነቀም። የትምህርት ቤት ክፍያ አይጠብቅምና ሦስት ልጆቿን ለአያታቸው ትታ ሪያድ ገባች። ኮንትራቱ የላጤ ነበር፤ ማደሪያው በግቢው ውስጥ፣ ቤተሰብ የማያስገባ። ስድስት ዓመት ሠራች። በ2014 ተራዋ ደረሰ። ማመልከቻው ሲገባ 15 ዓመት የነበረው የበኩር ልጇ 22 ሆኖ ነበር።

በ2002 የወጣ አንድ ሕግ፣ ማመልከቻው ሲመረመር የወሰደውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ይቀንሳል። የአቴ ማመልከቻ ግን በጥቂት ወራት ጸድቆ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሏቸው ድግስ ደግሰዋል። ከልጁ ዕድሜ የተቀነሱት እነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኑ፤ ቶሎ መጽደቁ ጎዳቸው። አምስቱ ሊሄዱ አስበው አራቱ ሄዱ። አቴ እዚህ ከገባች በኋላ ለልጇ እንደገና አመለከተች። በዚህኛው ወረፋ የፊሊፒንስ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ይጠብቃል። እናትየው ዜግነት ሳትወስድ ልጁ ካገባ ደግሞ ማመልከቻው ይሞታል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስለ ነርስነቱ ፈተና ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡ። በአንድ በኩል መንገዱ የሚጠይቀውን ጊዜ፣ በሌላው በኩል በዚያ ጊዜ የእያንዳንዱ ልጅ ዕድሜ ስንት እንደሚሆን ጻፉ። የኢትዮጵያ ሰው ለአሜሪካ የሚሰለፈው ከፊሊፒንስ ዓምድ ሳይሆን ለብቻቸው ዓምድ ከሌላቸው አገሮች ጠቅላላ ዓምድ ነው፤ የእርሱም ወረፋ ቢሆን በ2023 ወደ ኋላ ተመልሶ ረዝሟል። ልጃችሁ የሦስት ዓመት ከሆነ ወረፋውን ይችለዋል። የአሥራ አራት ዓመት ከሆነ ሌላ አገር አስቡ።

ይህን የምላችሁ በአቴ ብቻ ተምሬ አይደለም። እኔ በ1998 ዲቪ ወጣልኝ። የሦስት ሰው ትኬት መግዣ አልነበረንም፤ «አንቺ ቅደሚ፣ እኛ እንከተላለን» ተባባልን። የዲቪ ቤተሰብ ግን ቪዛውን ማግኘት ያለበት በዚያው የአሜሪካ በጀት ዓመት፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። በእኛ መስከረም 20 መሆኑ ነው። ቀኑ ሲያልፍ እኔ በአንድ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ረዳት ሆኜ አንሶላ እየቀየርኩ ነበር፤ መዝጊያ ቀን መኖሩንም አላውቅም። የአምስት ዓመት ልጄን ትቼ ወጥቼ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ሻንጣዋን ልይዝላት ስል በስሜ ጠራችኝ። «እማዬ» የምትላት አያቷን ነበር። አሁን ትልቅ ሴት ናት፣ እንቀራረባለን፤ ዛሬም ግን ሲያማት መጀመሪያ የምትደውለው ወደ አገር ቤት ነው።

ሌላ አገር አስቡ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ብሪታንያ ለነርስ በሚሰጠው ቪዛ ባልና ልጅ ከመጀመሪያው ቀን አብረው መግባት ይችላሉ። በማርች 2024 ግን በእንክብካቤ ሠራተኛነት የሚገባ ሰው ቤተሰብ እንዳያስከትል ተከለከለ፤ በጁላይ 2025 ደግሞ ከውጭ በዚህ ሥራ መግባቱ ራሱ ተዘጋ። የቅጥር ደብዳቤው ላይ የሥራችሁ ስም ምን እንደሚል ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ «መጀመሪያ በዚህ ግቢ፣ በኋላ ነርስ ትሆኛለሽ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ደግሞም ከፊሊፒንስ ጋር የቅጥር ስምምነት ያላት ብሪታንያ ከእኛ አገር ጋር የላትም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ የብሪታንያ የቅጥር መመሪያ እዚያ ድረስ ሄዶ መመልመልን ይከለክላል። በራሳችሁ ፈልጋችሁ ማመልከት መብታችሁ ነው። በብሪታንያ ሆስፒታል ስም አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው ካለ ግን ቦርሳችሁን ዝጉ።

ሳዑዲ ዓረቢያ ቅርብ ነው፣ ገንዘቡም ቶሎ ይታያል። ሆኖም በግል ድርጅት የተቀጠረ የውጭ ሰው በ2017 ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል መክፈል ጀመረ፤ በ2020 ክፍያው 400 ደረሰ። ባልና ሁለት ልጅ ካላችሁ በወር 1,200 ሪያል ነው፣ ያውም የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሳይነሳ። አቴ ልጆቿን ሪያድ ያላመጣችበት ምክንያት ኮንትራቱ ብቻ ነበር፤ የዛሬዎቹ ሂሳቡም ይከለክላቸዋል።

አሁን ስለ ባሎች። በቪዛው ወረቀት ላይ ባልየው «ጥገኛ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። የአቴ ባል ኢሎኢሎ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነበር፤ እዚህ ካርቶን ደራርቧል። የእኔው ባለቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የዓለምን ወንዞች በቃሉ የሚያውቅ ሰው ከምድር በታች ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ ዋለ፤ ዝናብ መዝነቡን የሚያውቀው በሚገቡት መኪናዎች ጣሪያ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር በወጉ አልተነጋገረም። የእኔን ደመወዝ አልጠላም፤ የራሱ ስም መጥፋቱን ነው የጠላው። አቴም ትቆጭ ነበር፦ «ሰባት ዓመት ስንጠብቅ እኔ ሦስት ፈተና ወሰድኩ፤ እርሱ አንድም አልወሰደም። ማናችንም አላሰብነውም።» እናንተ አስቡት። ሚስት ለነርስነቱ ፈተና ስታጠና ባልም የራሱን ይጀምር፤ ዲግሪውን ያስመዝን፣ ቋንቋውን ያሻሽል፣ ከተቻለ እዚያ የሚፈለግ አንድ የእጅ ሙያ ይያዝ። ነርሱ ባልየው ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ ሚስት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ስለምትችለው አይታይም እንጂ።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ጣጣ አለ። ፊሊፒናውያን እናትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። የእኛ አይደለም። ልጄ በአባቷ ስም፣ እኔ በአባቴ ስም እንጠራለን፤ ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ስሄድ ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን አስተያይታ እናቷ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቀችኝ። ከአገር ሳትወጡ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻውንና የሙያ ፈቃዱን አውጡ፤ ስማችሁ በላቲን ፊደል በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ፊደል በፊደል እዩ። የትምህርት ማስረጃ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚፈለገው ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ተልኮ ነው። በእጃችሁ ብትይዙት ዋጋ የለውም። የመዝገብ ቤቱን ሰው በደንብ ተዋወቁት።

ኮንትራት ስትፈርሙ «ብለቅስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ ሥራቸውን በለቀቁ አሥር የፊሊፒንስ ነርሶች ላይ የወንጀል ክስ ተመሥርቶባቸው ነበር። ክሱን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያስቆመው በ2009 ነው። መልቀቅ ወንጀል እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ዓመታት ፈጀባቸው፣ ልጆች እያሳደጉ።

በኮቪድ ጊዜ ያየሁትንም ልንገራችሁ። ከአሜሪካ ነርሶች ፊሊፒናውያን 4 በመቶ ያህል ናቸው። እስከ ሴፕቴምበር 2020 በበሽታው ከሞቱት ነርሶች መካከል ግን 31.5 በመቶው እነርሱ እንደነበሩ ናሽናል ነርስስ ዩናይትድ የተባለው የነርሶች ማኅበር አስታውቋል። ከታማሚው አልጋ አጠገብ የሚቆሙት እነርሱ ናቸው። በዚያ ሰሞን አቴ፣ እርሷና ባሏ ቢሞቱ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ በወረቀት አሰፈረች። እኔ በምስክርነት ፈረምኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቤቴ ገብቼ የራሴን ጻፍኩ።

ጥሩውንም ሳልነግራችሁ አልቀርም። እነርሱ «ፓሉዋጋን» የሚሉት የእኛው እቁብ ነው። በክፍላችን አሥር ሴቶች፣ ስድስት ፊሊፒናውያንና አራት ሐበሾች፣ አንድ እቁብ ገባን። ጸሐፊዋ አቴ፣ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፤ የባለቤቴን ወንድም ትኬት የቆረጥኩት በእርሱ ነው። በዓል ሲመጣ ደግሞ ጸብ አልነበረንም። ዲሴምበር 24 ሌሊት እኔ እገባላታለሁ፣ ጃንዋሪ 6 ማታ እርሷ ትገባልኛለች። ሁለት ጊዜ የሚውል ገና ለተረኛ ነርስ ምን ያህል በረከት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ከፊሊፒናውያን ጋር ስትሠሩ ቶሎ ተጠጓቸው፤ መንገዱን ከእናንተ በፊት ሄደውበታል፣ ንፉግም አይደሉም።

ባለፈው ዓመት ኦክቶበር ላይ አቴ ቤት ሄጄ ሳጥን ስታሽግ አገኘኋት። ወደ አገራቸው በመርከብ የሚልኩት ትልቅ ካርቶን ነው፤ ለገና እንዲደርስ ከሁለት ወር በፊት ይላካል። ፎጣ፣ ሳሙና፣ የታሸገ ሥጋ፣ ቸኮሌት፣ ከላይ ለበኩር ልጇ ጥቁር ጫማ። ልጁ ሠላሳ አልፎታል፤ ወረፋው ገና አልደረሰውም፤ እጮኛ አለችው፣ አላገባም። ፕላስተሩን እየለጠፍን ስልክ ደወለ። የጫማ ቁጥሩን ለማረጋገጥ ብላ ጠየቀችው። ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀ። ቁጥሩ 44 ነው። ለዓመታት የላከችለት 42 ነበር፣ ኢሎኢሎን ለቃ ሪያድ ስትሄድ የነበረው ቁጥር።

«ተረከዙን ረግጬ ነው የምጫማው» አላት።

የለጠፍነውን ፕላስተር ቀደን ሳጥኑን ከፈትነው።