በጎ ሥራ የሚቆጠርበት ደብተር

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን በአንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። አብረውን የሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ቻይናዊ በሻይ ሰዓት በአስተርጓሚ ሲያጫውቱን፣ አያታቸው የሠሯቸውን በጎ ሥራዎች በደብተር ይመዘግቡ እንደነበርና በጎ ሥራ ዕድሜን እንደሚያረዝም፣ የተተነበየ ዕጣ ፈንታንም እንደሚለውጥ ነገሩን። መንዝ ላሉት እናቴ ይህን ባወራላቸው «ልጄ፣ ዕድሜና ዕድል ከግንባር ተጽፎ የሚመጣ ነው፤ ደግሞስ ጽድቅ እንደ ገብስ በቁና ይሰፈራል እንዴ?» አሉኝ። ይህ እምነት ከየት የመጣ ነው? ከፈጣሪ ጋር መነገድስ አይሆንም?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ የነገሩዎት እምነት የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ የኮንፊሽየስ ትምህርት፣ ዳኦይዝምና ቡድሂዝም በየፊናቸው ጨምረውበታል። ዪ ጂንግ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በጎነትን ያከማቸ ቤት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ በረከት እንደሚያገኝ ይናገራል፤ ስለዚህ ዋጋውም ቅጣቱም ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። በየቤቱም የምድጃ አምላክ አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሰማይ ወጥቶ የቤተሰቡን ሥራ ይናገራል ተብሎ ስለሚታመን፣ ከመሄዱ በፊት የሥዕሉን ከንፈር ጣፋጭ ነገር ይቀቡታል። ምስክርን በማር መደለል ይሏል ይህ ነው!

ደብተሩን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን እ.ኤ.አ. ከ1533 እስከ 1606 የኖረው የቻይና ሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሊቅ ዩዋን ልያዎፋን ነው። በወጣትነቱ አንድ ዕድል ነጋሪ ሽማግሌ ለመንግሥት ሹመት በሚሰጡት ፈተናዎች የሚያገኘውን ደረጃ፣ ልጅ እንደማይወልድና በ53 ዓመቱ እንደሚሞት ነገረው። የፈተናው ነገር እንደተባለው እየሆነ ስለመጣ ዩዋን ሁሉም አስቀድሞ የተቆረጠ ነው ብሎ ተስፋም ምኞትም ተወ። በ1569 ናንጂንግ አጠገብ ከአንድ የቡድሃ መነኩሴ ጋር ሦስት ቀንና ሌሊት ያለ አንዳች ሐሳብ ተቀመጠ፤ መነኩሴው ተደንቆ ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ ዕድሌ ስለታወቀ የማስበው የለኝም አለ። መነኩሴውም ስቆ፣ ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር፣ ለካ ተራ ሰው ነህ አለውና ዕጣ ፈንታ የሚያስረው በጎም ሆነ ክፉ አብዝቶ ያልሠራውን ሰው እንደሆነ አስረድቶ የሥራ መመዝገቢያ ሰጠው። በእንዲህ ዓይነቱ መመዝገቢያ ሰውን ከሞት ማዳን 100 ነጥብ ሲያስገኝ የሌላውን በጎነት ማመስገን 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ክፉ ሥራ ደግሞ በዚያው ስሌት ይቀነሳል።

ዩዋን 3,000 በጎ ሥራዎችን ሊሠራ ተስሎ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀበት፤ ልጅ ለማግኘትም ሌላ 3,000 ተስሎ በ1581 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ሚስቱ መጻፍ ስለማትችል በዝይ ላባ ዘንግ ጫፍ ቀይ ቀለም እየነከረች በቀን መቁጠሪያው ላይ ክብ ታትም ነበር፤ ለድሆች ምግብ በሰጠችበት ወይም ለምግብ የተያዘ እንስሳ ገዝታ በለቀቀችበት አንዳንድ ቀን ክቦቹ ከዐሥር ይበልጡ ነበር።

ለእናትዎ ጥያቄ የሚሆነው መልስ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዩዋን ከፍተኛውን የመንግሥት ፈተና ለማለፍ 10,000 በጎ ሥራ ተሳለ፤ አልፎ ባዎዲ በተባለ ወረዳ ሹም ሲሆን ግን ሚስቱ በግቢ ተቀምጠን ይህን ሁሉ መቼ እንጨርሳለን ብላ ተጨነቀች። እርሱም በሕልሙ አንድ መንፈስ፣ የመሬት ግብር መቀነስህ ብቻ ስእለትህን ፈጽሞታል እንዳለው ይተርካል፤ በእርግጥም ሙ በተባለው የመሬት ስፍር ይጣል የነበረውን 2.37 ፈን (ፈን የክብደት መለኪያ ነው) ጥሬ ብር ወደ 1.46 ፈን ዝቅ አድርጎት ነበር። ሕልሙ ይታመናል ወይ ብሎ ቢጠይቅም፣ አንድ መነኩሴ በእውነተኛ ልብ የተሠራ አንድ ሥራ ለ10,000 ሊበቃ እንደሚችል ነገረው። ትንቢቱንም ሕልሙንም የምናውቀው ባለታሪኩ ራሱ ለልጁ ምክር አድርጎ በጻፈው ቃል እንደሆነ አይዘንጉ፤ ከ53 ዓመት አልፎ ከ70 በላይ መኖሩ ግን የታወቀ ነው።

ንግድ ነው የሚለው ወቀሳ ከቻይናውያንም ተነሥቷል። ሊቁ ልዩ ዞንግዦው (1578–1645) በጎ ሥራን መቁጠር ልብን ዋጋ ፈላጊ ያደርገዋል ብሎ ተቃውሞ፣ ስሕተት ብቻ የሚመረመርበትን የራሱን ዘዴ አዘጋጀ። ዩዋንም ቢሆን ሰው ያየው በጎነት የዚህን ዓለም ዝና፣ ማንም ያላየው ግን የሰማይን ዋጋ ያገኛል ብሎ ይለያል፤ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራ እጅህ አትወቅ የሚለውን ቃል ለምናውቅ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በእኔ አስተያየት ወቀሳው የሚመለከተው ነጥቡን እንጂ ደብተሩን አይደለም፤ ዩዋንን ከሥራ ፈትነት ያስነሣው ደብተሩ ነውና።

እናትዎ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውት ይሆናል። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ተቀምጦለት ነበር። ልዩነቱ በዚያ ሚዛን ውኃውን ያከበደችው ጥላዋን የጣለችበት እመቤታችን መሆኗ ነው፤ በቻይናው ደብተር ግን የሠሪው ልብ ነው። በሚቀጥለው የሻይ ሰዓት ባልደረባዎን፣ አያታቸው ስሕተታቸውንም ይመዘግቡ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ትክክለኛው ደብተር ሁለት ዓምድ ነበረውና።