ባትሪው ተቀየረ፣ ኮምፒዩተሩ ግን እምቢ አለ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው «የማዘርቦርድ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ ቀይሬ ኮምፒዩተሩ ተበላሸብኝ» ብሎ ስለመጣብኝ፣ ዛሬ ማታ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቀኝ ብያለሁ። መልስ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥገና በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ደንበኛ ባትሪ ካስቀየረ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አስቸገረው። እኔም ብዙ ሳላስብ ፎርማት አደረግኩለት። የልጁ የክርስትና ፎቶ አብሮ ሄደ። ነገሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ምርጫ ገጽ) ውስጥ አንዲት መስመር ብትቀየር የሚያልቅ እንደነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ ወይ?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ከወዲሁ «አይደረግ» ነው።

ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች። 3 ቮልት ናት፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱን ታስቆጥራለች፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ የባዮስ ምርጫዎችን ትይዛለች። እሷ ስትወጣ ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ወደነበረው ይመለሳል። የተበላሸ ነገር የለም፤ የረሳ እንጂ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ኢንተርኔት ቤት አለኝ)፦ ባትሪ ከቀየርኩ ወዲህ አንዱ ኮምፒዩተር ምንም ድረ ገጽ አይከፍትም። «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይለኛል። ሰዓቱን ግን በእጄ አስተካክዬዋለሁ! ኔትወርኩ ለሌሎቹ ይሠራል።

መልስ፦ ባዮስ ውስጥ ስታስተካክል ምን ብለህ አስገባህ? ዓመቱንም ሰዓቱንም ንገረኝ።

ጠያቂው፦ 2018 አልኩት። ጠዋት 4 ሰዓት ስለነበር 4:00 ብዬ ሴቭ አደረግኩ።

መልስ፦ ጠርጥሬ ነበር! አትፈር ወንድሜ፣ ይህን ያደረግከው የመጀመሪያው ሰው አይደለህም። ባዮስ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። 2018 ስትለው የፈረንጆቹን 2018 ነው የሚረዳው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተርህ አሁን የሚኖረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አሳሹ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት የገጹን የምስክር ወረቀት ቀን ያያል። ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ይላል። ባንተ ኮምፒዩተር ዓይን ሲታይ ወረቀቱ የተሰጠው «ወደፊት» ስለሆነ አይቀበለውም። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ለባዮስ 10:00 ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ 15:00። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት አይቶ ራሱ ያስተካክለው የለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ሲሆን አስተካክል ካልተባለ በቀር በነባሪው አይነካውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእጅህ አቅርበው። የሰዓት ቀጠናው ላይ አዲስ አበባን ፈልገህ ካጣህ ናይሮቢን ምረጥ፤ ሁለታችንም ዩቲሲ (የዓለም መለኪያ ሰዓት) ሲደመር 3 ነን።

ጠያቂው፦ ከፈተ! ሁለት ቀን ሙሉ የኔትወርክ ገመድ ስቀያይር ነበር እኮ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ያገለገለ የቢሮ ዴል ዴስክቶፕ ነው። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ የዊንዶውስ ምልክት ይመጣና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ሰፈር ያለው ባለሙያ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» አለኝ።

መልስ፦ አልሞተም። የሞተ ዲስክ የዊንዶውስን ምልክት እንኳ አያሳይህም። መልእክቱ «ተነስቼ ነበር፣ ግን ዲስኩን በማውቀው መንገድ ላገኘው አልቻልኩም» ማለት ነው። የኔን ደንበኛ ፎቶ የበላው ይኸው ነው።

ማዘርቦርድ ከዲስክ ጋር የሚነጋገርበት ስልት አለው፦ ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ፣ በአሮጌዎቹ ላይ አይዲኢ። ዊንዶውስ ሲጫን በነበረው ስልት ይለምዳል። ብዙ የዴል የቢሮ ኮምፒዩተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ «ሬይድ ኦን» ላይ ናቸው። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) ሲያስገባ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሮ ዊንዶውስ ጭኖ ይሆናል። ባትሪው ሲወጣ ማዘርቦርዱ ወደ ሬይድ ተመለሰ፣ ዊንዶውስ ግን ኤኤችሲአይ እየጠበቀ ነው። ስታስነሳው ኤፍ2ን ደጋግመህ ንካ፤ «ሳታ ኦፐሬሽን» የሚል ታገኛለህ። ሬይድ ላይ ከሆነ ኤኤችሲአይ አድርገው፣ ሴቭ ብለህ ውጣ። ኤኤችሲአይ ላይ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ተቃራኒውን ሞክር። አንዱን ሞክረህ ካልሆነ መልሰው፤ መቀያየሩ ብቻውን ዳታህን አያጠፋም። «ሬይድ ላዋቅር» የሚል ሌላ ገጽ ከመጣብህ ግን ምንም ሳትነካ ውጣ፣ እሱ ነው ዲስክ የሚያጠፋው።

ሰማያዊ ስክሪን ሳይሆን ጥቁር ስክሪን ላይ «ቡት ዲቫይስ የለም» የሚላችሁ ሌሎች ሰዎች ደግሞ ባዮስ ውስጥ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) እና ሌጋሲ (የድሮው) የሚለውን እዩ። በድሮው መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ ሌጋሲ ካልበራለት አይነሳም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ላፕቶፑን እህቴ ከሲያትል ነው የላከችልኝ። ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ሰማያዊ ገጽ ላይ የ«ቢትሎከር» ቁልፍ አስገቢ ይለኛል። እኔ ምንም ቁልፍ ቆልፌ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ የቆለፈው ዊንዶውስ ራሱ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት የገባ ሰው ሲኖር ብዙ ጊዜ ዲስኩን ዝም ብሎ ይቆልፋል። በየቀኑ የማይጠይቅሽ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የደኅንነት ቺፕ «ሁሉም እንደነበረ ነው» ስለምትለው ነው። ባዮሱ ሲረሳ ሴኪውር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ምርጫ) ወይም ሌላ ምርጫ ተቀየረ፤ ቺፗ ደግሞ «ይሄን ቤት አላውቀውም» አለች።

መጀመሪያ ባዮስ ገብተሽ ሴኪውር ቡት እንደነበረው መብራቱን እዪ። አንዳንዴ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ ቁልፉ 48 አኃዝ ነው፤ ያለው ደግሞ ላፕቶፑን መጀመሪያ ባዘጋጀው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ከታሪክሽ እንደምገምተው እህትሽ ነች። ለእህትሽ ደውዪና አካውንቷ ውስጥ የሪከቨሪ ቁልፍ የሚለውን ታይልሽ። ስክሪንሽ ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደልና ቁጥር ንገሪያት፣ ብዙ ቁልፍ ካላት እሱን ታመሳስል። ቁልፉ ካልተገኘ እኔም ሆንኩ ማንም ልንከፍተው አንችልም። «እከፍትልሻለሁ፣ ቀብድ ክፈዪ» የሚል ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ያዢ።

በነገራችን ላይ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያላችሁ ማሽኑን ስታስነሱ «ኤፍቲፒኤም ይታደስ? ዋይ ወይስ ኤን» ቢላችሁ (ኤፍቲፒኤም የደኅንነት ቺፗን ሥራ የሚሠራው ነው) ቁልፋችሁን በእጃችሁ ሳትይዙ ዋይን አትጫኑ። ኤን በሉት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራት አለ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም።

መልስ፦ ይሄ የባትሪው ሳይሆን የእጃችን ሥራ ነው። ባትሪዋ ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ሥር ስለምትደበቅ እሷን ለመድረስ ያልነካነው ነገር የለም። ኤሌክትሪኩን ንቀለው፣ የካሱን ብረት ነካ አድርገህ ስታቲክ (ሰውነትህ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ) አውጣ፣ ከዚያ ራሙን አውጥተህ በሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል መልሰው። ወርቃማ ጥርሶቹ ከጠቆሩ በነጭ ላጲስ በስሱ ጥረጋቸው፤ ፍርፋሪው ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ ግን ከማዘርቦርዱ ርቀህ። ግራፊክስ ካርድ ካለህ የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን እይ፤ ስንቱ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ባዮስ ማጥፊያዋን ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኘውን ትንሽ ቆብ) ነክተህ ከሆነ ወደ ቦታዋ መልሳት። ማሽኑ አዲስ ከሆነና ራሙ ዲዲአር5 ከሆነ ደግሞ ታገስ፤ ሲነሳ ራሙን እንደ አዲስ ስለሚለካ ለጥቂት ደቂቃ ጥቁር ሆኖ መቆየቱ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባትሪውን ባለፈው ወር አስቀየርኩ፤ ዛሬም በየጠዋቱ «ኤፍ1 ተጫን» እያለ ሰዓቱን ይጠይቀኛል። የሸጠልኝ ልጅ አዲስ ነው ብሎ ማለልኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ከማሽኑ ሲነሱ ማታ ማታ ዲቫይደሩን ያጠፉታል?

ጠያቂው፦ ሁልጊዜ። የመብራቱ ነገር አያስተማምንም።

መልስ፦ ጥሩ ያደርጋሉ፣ ማጥፋቱን አይተዉ። ብቻ ምክንያቱን ይወቁልኝ፦ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ ካለ ሰዓቱ የሚቆጥረው ከመብራቱ ነው፣ ባትሪዋ ታርፋለች። ዲቫይደሩ ሲጠፋ ሥራው በእሷ ላይ ይወድቃል። ቢሆንም ጤነኛ ባትሪ በዚህ ሁኔታም ዓመታት ትቆያለች እንጂ በወር አትሞትም።

ስለዚህ ወይ ባትሪዋ ስትሸጥልዎት ያለቀች ነበረች፣ ወይ ዓይነቷ ሌላ ነው። ላይዋ ላይ የተጻፈውን በማጉያ መነጽር ያንብቡልኝ። ሲአር2025 ከሆነ ውፍረቷ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቤቷ ውስጥ ትላወሳለች፤ ስትፈልግ ትነካለች ሳትፈልግ አትነካም። ኤልአይአር2032 ከሆነ ደግሞ ቻርጅ የምትደረግ ዓይነት ናት፤ መጠኗ ቁርጥ ያው ነው፣ ግን የምትይዘው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነና ማዘርቦርዱም ቻርጅ ስለማያደርጋት ቶሎ ታልቃለች። ሲአር2032 ከሆነች ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደው ያስለኩ። አዲስ ከ3 ቮልት በላይ ታሳያለች፤ 2.7 ወይም ከዚያ በታች ካለች ይጣሏት። ሲገዙ ከነማሸጊያው ይግዙ፤ ሳጥን ውስጥ ተዘርግፈው እርስ በርስ የሚነካኩትን አይግዙ፣ እዚያው ውስጥ እያለቁ ነውና።

ባትሪዋ ደህና ሆና ከተገኘች ደግሞ ባዮስ ገብተው ሰዓቱን ሞልተው «ሴቭ» ብለው ይውጡ። ኤፍ1 ተጭኖ ማለፍ ብቻውን አንዳንዱ ማሽን ላይ ምንም አያስቀምጥም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ባዮሱ ፓስወርድ አለው። ዩቲዩብ ላይ ባትሪውን አውጣ ይላል። አወጣሁ፣ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፣ ፓስወርዱ አሁንም አለ።

መልስ፦ ያ ዘዴ የድሮ ዴስክቶፕ ዘዴ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች ፓስወርዱን የሚያስቀምጡት ባትሪ በማያስፈልገው ቺፕ ላይ ነው፤ ዓመት ብታሳድረውም አይረሳም። ወደ ሻጩ ሂድ። ፓስወርዱን የማያውቅ ሻጭ ላፕቶፑን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ መብትህ ነው፣ ያልተጣራ ንብረት ራስህ ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስገባ ሰዓቱ በትክክል ሦስት ሰዓት ይዛነፋል። ባትሪው ነው?

መልስ፦ ሦስት ሰዓት በትክክል ከሆነ ባትሪ አይደለም፤ ደካማ ባትሪ እንዲህ አይጠነቀቅም። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚጽፈው የአገሩን ሰዓት ነው፣ ኡቡንቱ ደግሞ ዩቲሲን። እኛ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ያርማል። ኡቡንቱን የአገር ሰዓት እንዲጠቀም ማድረግ በተርሚናል የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከተቀየረ በኋላ ጌም ይንቀረፈፋል፤ ቨርቹዋል ማሽኔም (ኮምፒዩተሩ ውስጥ በፕሮግራም የሚሠራው ሌላ ኮምፒዩተር) አልነሳ አለ።

መልስ፦ ሁለቱም ባዮስ ውስጥ ጠፍተዋል። ኤክስኤምፒን አብራ፣ ራሙ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል። ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውንም አብራ። አለቀ።

ጥያቄ፦ እኔ ገና ልቀይር ነው። ምን ላድርግ? ሶኬቱን ሳልነቅል ብቀይር ምርጫዎቹ አይጠፉም ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን አታድርገው። ባትሪዋን ለማስፈንጠር ጠፍጣፋ መፍቻ ትጠቀማለህ፤ መፍቻው አምልጦህ ኤሌክትሪክ ባለው ቦርድ ላይ ሲያርፍ የምታተርፈው የአሥር ደቂቃ ሥራ አይደለም። ይልቅ ባዮስ ግባና የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ በስልክህ አንሳ። ዴስክቶፕ ላይ በብዛት በዲሊት፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ10 ይገባል። የቢትሎከር ቁልፍህንም ቀድመህ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ነቅለህ ቀይር፣ የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆና። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪዋ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ገመድ አላት፤ ከነገመዷ ግዛ እንጂ አሮጌውን ገመድ ባዲሷ ላይ ለመበየድ አትሞክር፣ ሊቲየም ሙቀት አይወድም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አሮጌዋን ምን ላድርጋት? ልጄ እየተጫወተባት ነው።

መልስ፦ አሁኑኑ ተቀበያት! ያለቀች የምትመስል ባትሪ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተሰክታ ሥጋውን የምታቃጥልበት ኃይል አላት፤ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። እንደዋጠ ከጠረጠርሽ አልታመመም ብለሽ አትጠብቂ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው፤ ባትሪ ውጦ ሊሆን ይችላል ብለሽም ንገሪያቸው። ካልዋጠ በሁለቱም በኩል ፕላስተር ለጥፊባትና እጁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጫት። አግኝተሻታል?

ጠያቂዋ፦ አዎ፣ ከሶፋው ሥር። ፕላስተር ለጥፌባታለሁ።