ከሚረሱት ይልቅ የሚተዉትን ሥራ ተመልከቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ 70 ሊሞላቸው ነው፣ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ አንዱን ነገር መላልሰው ይጠይቃሉ፣ ጎረቤት ደግሞ «እርጅና ነው፣ ተያቸው» ይልሻል። የመርሳት በሽታ መሆኑ በምን ይለያል ነው ያልሽው። ሐኪም አይደለሁም። እናቴን ግን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እስክታርፍ ድረስ ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

የሰው ስም መጥፋት፣ ቁልፍ የት እንዳደረጉ መርሳት ብቻውን አያስደንግጥሽ። ቆይቶ ትዝ ካላቸው ወይም ስታነሺላቸው «አዎ ለካ!» ካሉ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ነው። እናቴ የማርያምን ዝክር ከጎረቤት ጋር በልታ ጠጥታ በማግስቱ «ዘንድሮ ሳትዘክሩ ቀራችሁ» ብላ ተቆጣችን። ብንነግራት ብናስረዳት ዕለቱ እሷ ዘንድ ጭራሽ የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ነገሩ በስፌቷ ታይቶ ነበር። ጥለት ስትቆጥር የማትሳሳት ሰፊ ነበረች። ቀስ በቀስ ጥለቱ ይዛነፍ ጀመር፤ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ በኋላ «ዓይኔ ደከመ» ብላ ወስፌዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። የደከመው ቅደም ተከተል የሚይዘው አእምሮዋ ነበር።

እኛ አገር በሽታውን የሚሸፍነው አክብሮታችን ይመስለኛል። እናት ስታረጅ እንጀራውን ልጅ ትጋግራለች፣ ገበያ ሠራተኛ ትሄዳለች፣ ብሩን ሌላ ሰው ይይዛል። ታዲያ ምን እንዳቃታቸው በምን ይታወቃል? እስቲ ጥቂት ቀን ሥራቸውን መልሺላቸው፤ ፈተና ሳታስመስዪው፣ አጠገባቸው ሆነሽ። ቡናውን ራሳቸው ያፍሉ። ጀበናውን ውሃ ሳይጨምሩ ይጥዱታል? ዱቄቱን ከጨመሩ በኋላ መልሰው ይጨምራሉ? ገበያ አብረሻቸው ሂጂና መልሱን እሳቸው ይቁጠሩት። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ መሀል ላይ ከጠፋባቸው ያ ከመቶ የተረሳ ስም ይበልጣል።

የለመዱት መንገድ መጥፋትም አለ። እናቴን ከሐይቁ ዳር ካለው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግራ ገብቷት ያመጣልን የባጃጅ ሾፌር ነው። ጠባይም ይለወጣል፦ ዕድር መሄድ መተው፣ ጨዋታ መሀል ዝም ማለት፣ ራሳቸው የደበቁትን ነጠላ «ሠራተኛዋ ሰረቀችኝ» ማለት። እባክሽ እንዲህ ሲሉ ምስኪኗን ልጅ አታባርሯት።

አሁን ዋናው ነገር። የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር፣ ማለትም እየባሰ የሚሄደው ዋናው የመርሳት በሽታ፣ የለበትም፤ አንዳንዱ መንስኤ ይታከማል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የጆሮ መድከም፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም፣ እንቅልፍ የሚያስይዝ ኪኒን። የደም ግፊትና ስኳርም የአንጎልን ደም ሥር እየጎዱ መርሳት ያመጣሉ፤ እነሱን መቆጣጠር ትልቅ ነገር ነው። በቀናት ውስጥ ድንገት ከተቀባዠሩ ግን አትጠብቂ፦ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ በእኛ በጣና ዳር ደግሞ ወባ ሊሆን ይችላል። አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ጸበሉን አትከልክያቸው፤ እኛም ወስደናታል። የግፊት መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትሄጂ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ጠይቂ። ቀኑን ይጠይቋቸዋል፣ ቃላት እንዲይዙ ይነግሯቸዋል፣ ሰዓት ሣሉ ይሏቸዋል፣ ደምም ይታያል። እናትሽ ፊደል ካልቆጠሩ ይህን አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ፤ እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ሰዓት መሣል ቢያቅተው በበሽታ ነው ማለት አይደለም። ከመሄድሽ በፊት መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሥራ እንደተዉ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊ። እሳቸው ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ፣ ልጆቹ ናቸው የሚያጋንኑት» ማለታቸው አይቀርም። ፊታቸው እየተቃወምሽ እንዳታሳፍሪያቸው ወረቀቱን ለነርሷ ቀድመሽ ስጪያት።