የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ኤጲ» እና «ኤፒ»

ጥያቄ፦ «ኤጲስ ቆጶስ» እና «ኤጲፋንያ» ላይ ያለው «ኤጲ»፣ በኮቪድ ጊዜ ስንሰማው ከነበረው «ኤፒደሚክ» መነሻ ጋር አንድ ነው ወይስ ድምፁ ብቻ ነው የተመሳሰለው? (ከቢቸና)

መልስ፦ አንድ ነው። የግሪክኛ መስተዋድድ ሲሆን ዋና ፍችው «ላይ» ነው፤ የቅኔ ቤት ተማሪ «ዲበ» ወይም «ላዕለ» ብሎ የሚያውቀው ማለት ነው። ግእዝ «ዲበ ምድር» ብሎ መስተዋድዱን ለብቻው ያቆመዋል፤ ግሪክኛ ግን ለብቻው ከማቆም ሌላ ከግሡ ወይም ከስሙ ጋር አጣብቆ አዲስ ቃል ያወጣበታል።

አጻጻፉን የለየው የገባበት በር ነው። የጥንቶቹ ተርጓሚዎች ከግሪክኛ ሲወስዱ የግሪኩን «ፒ» በ«ጰ»፣ «ካፓ»ን በ«ቀ»፣ «ታው»ን በ«ጠ» ጻፉ። «ጴጥሮስ» እና «ጰራቅሊጦስ» የሚሉት እንዲህ የሆኑት በዚህ ነው። የዘመኑ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ በኩል ስለመጡ «ፐ»፣ «ከ» እና «ተ» ይዘው ገቡ።

«ኤጲስ ቆጶስ» ሲፈታ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አከፋፈሉ ላይ ነው። እኛ በሁለት ቃል ስለምንጽፈው «ኤጲስ» አንድ፣ «ቆጶስ» ሌላ ይመስላል። የግሪኩ መጋጠሚያ ግን ከ«ስ» በፊት ነው፦ «ኤጲ» እና «ስኮፖስ»። «ስኮፖስ» ተመልካች፣ ጠባቂ ነው፤ የ«ቴሌስኮፕ» እና የ«ማይክሮስኮፕ» መጨረሻም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ሲገጥም «በላይ ሆኖ የሚጠብቅ» ይሆናል። «ጳጳስ» ከዚህ አይወጣም፤ እሱ «አባት» ከሚለው «ፓፓስ» ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለው ቃል አውሮፓን ሲዞር እጅግ ተሸራርፏል፦ በእንግሊዝኛ «ቢሾፕ»፣ በጀርመንኛ «ቢሾፍ»፣ በጣልያንኛ «ቬስኮቮ»፣ በፈረንሳይኛ «ኤቬክ»፣ በስፓኝኛ «ኦቢስፖ»። የኛው ግእዝ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የግሪኩን መልክ ጠብቆ መያዙ ሊታወቅለት ይገባል።

«ኤጲፋንያ» ላይ ሁለተኛው ክፍል ማሳየት፣ መታየት ከሚለው ግሥ ነው፤ አባቶች «አስተርእዮ» ብለው ተርጉመውታል። «ኤፒደሚክ» ደግሞ «ኤጲ» እና ሕዝብ የሚለው «ዴሞስ» ነው፤ በሕዝብ ላይ የመጣ በሽታ። ከወንድሞቹ ጋር እንዳይምታታ መነሻውን ብቻ ይመልከቱ፦ «ኤን» ውስጥ ስለሆነ «ኤንደሚክ» እንደ ዓባይ በረሃ ወባ ከቦታው የማይጠፋውን፣ «ፓን» ሁሉ ስለሆነ «ፓንደሚክ» ዓለምን ያዳረሰውን ይናገራል።

ፍችው ሁልጊዜ «ላይ» ብቻ አይደለም። «ኤፒሎግ» ላይ «በኋላ» ነው፤ ከንግግሩ በኋላ የሚጨመር ቃል። አናባቢ ሲከተለው ደግሞ የመጨረሻ ድምፁን ይጥላል፤ ዘመን ማለት የሆነው «ኤፖክ» እንዲህ የተሠራ ነው። «ሀ» ድምፅ ከተከተለው «ፐ» ወደ «ፈ» ይለወጣል፦ ቀን የሚለው «ሄሜራ» ሲጨመርበት ለአንድ ቀን ብቻ የሚቆይ የሚል ትርጉም ያለው «ኤፌመራል» ይወጣል። ረጅሙ የጀግንነት ግጥም «ኤፒክ» ግን ቢመስልም ከዚህ ቤት አይደለም፤ ቃል፣ ታሪክ ከሚለው «ኤጶስ» ነው።

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲወራ «ኤፒሴንተር» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ቃሉ መንቀጥቀጡ ከምድር በታች የተነሳበትን ስፍራ አይደለም የሚያመለክተው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ በላዩ ያለውን የምድር ገጽ ነጥብ ነው። የታችኛው መነሻ ስፍራ ደግሞ «ሥር» ከሚለው «ሃይፖ» ጋር ተጣምሮ «ሃይፖሴንተር» ይባላል።

ጥያቄ፦ «ኢፒኔፍሪን» እና «አድሬናሊን» ሁለት መድኃኒት ናቸው? (ከደብረ ማርቆስ፣ ነርስ)

መልስ፦ አንድ ናቸው፤ ስማቸውም ቃል በቃል አንድ ነው። «ኔፍሮስ» በግሪክኛ፣ «ሬን» በላቲን ኩላሊት ነው። የመጀመሪያው «ኤጲ»ን፣ ሁለተኛው «አጠገብ» የሚለውን የላቲኑን «አድ» ይዞ ንጥረ ነገሩን የሚያመነጨውን፣ በኩላሊት አናት የተቀመጠውን ዕጢ ይጠራሉ። ስሙ ሁለት መሆኑ ሳይሆን መጠኑ ነው የሚያስፈራው፦ 1፡1,000 የተጻፈበት በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ 1፡10,000 የተጻፈበት 0.1 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሁለቱን ማቀያየር የአሥር እጥፍ ስሕተት ነው። «ኖርኢፒኔፍሪን» ሌላ ነው፣ «ኢፌድሪን»ም «ኤፌድራ» ከተባለ ተክል የተሰየመ ሌላ መድኃኒት ነው።